ደንብ ያልወጣለት ሕግ፦ አንቀጽ 504 እና የአሜሪካ አካል ጉዳተኞች ትግል

በዩናይትድ ስቴትስ አሜሪካ የዜጎች መብት ታሪክ ሲነሣ ብዙ ጊዜ የሚወሳው በ1964 የጸደቀው የሲቪል መብቶች ሕግ ነው (ከኢትዮጵያ ሕጎች ጋር ከተያያዙት በስተቀር በዚህ ጽሑፍ ያሉት ዓመታት እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው)። ይህ ሕግ በዘር፣ በቀለም፣ በሃይማኖት፣ በጾታና በትውልድ አገር ሰበብ የሚፈጸም መድልዎን ሲከለክል ስለ አካል ጉዳት አንዲት ቃል እንኳ አላነሣም፤ ሕግ አውጪዎቹም ሆኑ አብዛኞቹ የመብት ተሟጋቾች አካል ጉዳትን የሐኪምና የበጎ አድራጊ ጉዳይ አድርገው ይወስዱት ስለነበር ከፍትሕ ጋር የሚያገናኘው ነገር አልታያቸውም። ይህ አመለካከት በፌዴራል ሕግ ደረጃ የተቀየረው በ1973 በወጣው የተሃድሶ ሕግ መጨረሻ አካባቢ በሰፈረች አንዲት ዓረፍተ ነገር ሲሆን፣ እርሷም አንቀጽ 504 በሚለው መጠሪያዋ ትታወቃለች። ይሁን እንጂ ዓረፍተ ነገሯ በሕግ መጽሐፍ ላይ መስፈሯ ብቻውን የማንንም ኑሮ አልለወጠም፤ ማስፈጸሚያ ደንብ ሳይወጣላት አራት ዓመት ሊሞላ ጥቂት እስኪቀረው ድረስ ቆይታ ነፍስ የዘራችው አካል ጉዳተኞቹ ራሳቸው የመንግሥት ሕንፃ ውስጥ ገብተው አንወጣም ካሉ በኋላ ነው።

ከዚያ በፊት የነበረው የአሜሪካ ሕግ አካል ጉዳተኞችን ረስቷቸው ነበር ለማለት አያስደፍርም፤ ያስታወሳቸው ግን ከአደባባይ ሊያርቃቸው ሲፈልግ ነበር። የሳን ፍራንሲስኮ ከተማ ምክር ቤት በ1867 የጎዳና ላይ ልመናን ለመከልከል ባወጣው ድንጋጌ፣ በበሽታ ወይም በአካል መጉደል ምክንያት መልካቸው ተመልካችን ያስቀይማል የተባሉ ሰዎች በመንገድና በአደባባይ እንዳይታዩ አገደ። የቺካጎ ከተማም በ1881 ተመሳሳይ ድንጋጌ አውጥታ፣ ጥሶ የተገኘ ሰው ከ1 እስከ 50 ዶላር እንዲቀጣ ደነገገች፤ ይህ የቺካጎ ድንጋጌ የተሻረው በ1974፣ ማለትም አንቀጽ 504 ከወጣ ከአንድ ዓመት በኋላ ነው። በ1927 ደግሞ የአገሪቱ ጠቅላይ ፍርድ ቤት፣ የአእምሮ ጉድለት አለባቸው የተባሉ ሰዎችን ያለ ፈቃዳቸው ማምከን፣ ማለትም ልጅ እንዳይወልዱ በቀዶ ሕክምና ማድረግ የሚፈቅደውን የቨርጂኒያ ግዛት ሕግ 8 ለ1 በሆነ ድምፅ አጸናው፤ ፍርዱም እስከ ዛሬ በሌላ ፍርድ በግልጽ አልተሻረም።

ሌላው የሕግ መስመር የመነጨው ከአንደኛው የዓለም ጦርነት ነው። በ1918 ለቆሰሉ ወታደሮች፣ በ1920 ደግሞ ለሲቪሎች የሙያ ተሃድሶ እንዲሰጥ ተደነገገ፤ የሙያ ተሃድሶ ሲባልም ጉዳት የደረሰበትን ሰው በምክር፣ በሥልጠናና በልዩ ልዩ ድጋፍ ወደ ሥራ መመለስ ማለት ነው። ዓላማው የሚነቀፍ ባይሆንም ሸክሙን በሙሉ በተጎጂው ላይ የጫነ ነበር፤ ሰውየው ሥራውንና ሕንፃውን እንዲመስል ይሠለጥናል እንጂ ደረጃ ብቻ ያለው ሕንፃ ወይም አመልካቹን ገና በሩ ላይ አይቶ የሚመልስ ቀጣሪ ጥያቄ አይነሣበትም፤ ሠልጥኖም ሥራ አይዝም ተብሎ የተገመተ ሰው ደግሞ ከፕሮግራሙ ይወጣል። በ1921 በልጅነት ልምሻ፣ ማለትም በፖሊዮ ተይዞ መራመድ የተሳነው ፍራንክሊን ሩዝቬልት አራት ጊዜ ፕሬዚዳንት ሆኖ ሲመረጥ፣ ዊልቸሩ ፎቶግራፍ ውስጥ እንዳይገባ ይደረግ የነበረው ጥንቃቄ የዘመኑን አስተሳሰብ ከሕጎቹ ባልተናነሰ ያሳያል።

በ1960ዎቹ ይህን አስተሳሰብ መቃወም የጀመሩት ባብዛኛው ፖሊዮ በልጅነታቸው ያገኛቸውና ከሕመሙ ተርፈው ለኮሌጅ የበቁ ወጣቶች ነበሩ። ከእነርሱ አንዱ የሆነው ኤድ ሮበርትስ በ14 ዓመቱ በፖሊዮ ተይዞ ከአንገቱ በታች መንቀሳቀስ ተሳነው፤ ሌሊት ሌሊት የሚተነፍሰውም ሰውነትን ውጦ አየር በሚያስገባ የብረት ሣጥን እየታገዘ ነበር። በ1962 በርክሌይ ወደሚገኘው የካሊፎርኒያ ዩኒቨርሲቲ ሲገባ የብረት ሣጥኑን የሚያስገባ የተማሪዎች መኝታ ቤት ስላልተገኘ በዩኒቨርሲቲው ሆስፒታል አንድ ክፍል ተሰጠው፤ እርሱን ተከትለው የመጡት ተማሪዎችም እዚያው ሆስፒታል ውስጥ ሰፍረው ማኅበር መሠረቱ። በ1972 በርክሌይ ላይ የተቋቋመው የነጻ ኑሮ ማእከል የዚህ ስብስብ ፍሬ ነው፤ ማእከሉ በአካል ጉዳተኞች የሚመራ ሆኖ ረዳት ሠራተኛ፣ ተስማሚ መኖሪያ ቤትና የዊልቸር ጥገና በማገናኘት ሰዎች ከተቋም ወጥተው በራሳቸው ቤት እንዲኖሩ ያግዝ ነበር። ሮበርትስን ቀድሞ ለሥራ አይበቃም ብሎ ድጋፍ ነፍጎት የነበረው የግዛቱ የተሃድሶ መሥሪያ ቤት በ1970ዎቹ አጋማሽ የሚመራው በራሱ በሮበርትስ መሆኑ በዚህ ታሪክ ውስጥ ከሚገኙት ምፀቶች አንዱ ነው።

በምሥራቁ የአገሪቱ ክፍል፣ በኒው ዮርክ ያደገችው፣ ከናዚዎች ያመለጡ የጀርመን አይሁዳውያን ልጅ የሆነችው ጁዲት ሂውማን በሕፃንነቷ ፖሊዮ ይዟት በዊልቸር የምትሄድ ስትሆን፣ ለትምህርት ስትደርስ ዊልቸሯ ለእሳት አደጋ ጊዜ እንቅፋት ይሆናል ተብሎ ከሰፈሯ ትምህርት ቤት ተመልሳ ነበር። በ1970 የከተማዋ የትምህርት ቦርድ በዚያው ዓይነት ምክንያት የመምህርነት ፈቃድ ሲከለክላት ከሰሰችው፤ ጉዳዩ የደረሳቸው ዳኛ ኮንስታንስ ቤከር ሞትሊ፣ የጥቁሮችን መብት በፍርድ ቤት ሲያስከብሩ ቆይተው የመጀመሪያዋ ጥቁር ሴት የፌዴራል ዳኛ የሆኑ ሰው ነበሩና ቦርዱ ነገሩን እንደገና እንዲያጤን መከሩት፤ ቦርዱም ፈቃዱን ሰጠ። ሂውማን በዚያው ዓመት ያቋቋመችው ማኅበር በ1972 የማንሃተንን ማዲሰን ጎዳና በዊልቸር ዘግቶ የተቃወመው ፕሬዚዳንት ኒክሰን የተሃድሶውን ሕግ አልፈርምም ብለው በመመለሳቸው ነበር።

አንቀጽ 504 የተወለደው በዚሁ ሕግ ውስጥ ነው። በ1972 ሴናተር ሂውበርት ሃምፍሬይና የኮንግረሱ አባል ቻርልስ ቫኒክ የ1964ቱ የሲቪል መብቶች ሕግ ተሻሽሎ አካል ጉዳትን እንዲጨምር ያቀረቡት ሐሳብ ሳይሳካ ቀረ። ከዚያ በኋላ የሴኔት ኮሚቴ ሠራተኞች የተሃድሶውን ረቂቅ ሲያዘጋጁ ከ1964ቱ ሕግ አንድ ድንጋጌ ወስደው ዘርንና ቀለምን በሚጠቅሰው ቦታ አካል ጉዳትን ተኩበት፤ የድንጋጌው ፍሬ ነገር ብቃት ያለው አካል ጉዳተኛ በጉዳቱ ብቻ የተነሣ የፌዴራል መንግሥት ገንዘብ ከሚደርሰው ከማንኛውም ፕሮግራም እንዳይገለል የሚያዝዝ ነው። ስለዚች ዓረፍተ ነገር ምስክር አልተሰማም፣ በምክር ቤቶቹም ክርክር አልተደረገም ማለት ይቻላል። ኒክሰን ሕጉን ሁለት ጊዜ ሳይፈርሙ ሲመልሱት ሰበባቸው የፕሮግራሙ ወጪ ነበር፤ የዓረፍተ ነገሯን ክብደት ከጎረቤቶቿ ለይቶ ያየ ባለመኖሩም ወጪው ተቀንሶ በሦስተኛው ዙር ሴፕቴምበር 26 ቀን 1973 ሲፈረም አብራ አለፈች።

በአሜሪካ አሠራር ኮንግረሱ ያወጣው ሕግ ጥቅል ሐሳቡን ሲይዝ፣ ማን ምን ማድረግ እንዳለበትና በስንት ጊዜ እንደሚፈጽም የሚዘረዝረው አስፈጻሚው መሥሪያ ቤት የሚያወጣው ደንብ ነው፤ በኢትዮጵያ በአዋጅ፣ በደንብና በመመሪያ መካከል ያለውን ዝምድና የሚያውቅ አንባቢ ይህን ለመረዳት አይቸገርም። የአንቀጽ 504ን ደንብ የማርቀቁ ሥራ ያኔ ለጤና፣ ለትምህርትና ለማኅበራዊ ደኅንነት ኃላፊ ለነበረው መሥሪያ ቤት የተሰጠ ሲሆን፣ በመሥሪያ ቤቱ ውስጥም ረቂቁ የደረሰው ለሲቪል መብቶች ክፍል ነበር። ይህ ድልድል የሥራ ክፍፍል ብቻ ይምሰል እንጂ ለውጤቱ ወሳኝ ሆኗል። የክፍሉ ጠበቆች ጥቁርና ነጭ ተማሪዎችን ለይተው የሚያስተምሩ ትምህርት ቤቶችን ሲታገሉ የኖሩ በመሆናቸው ጉዳዩን ያዩት በመድልዎ ዐይን ነበር፤ ረቂቁ ለተሃድሶ ባለሙያዎች ቢሰጥ ኖሮ የእርዳታ ሰነድ ሆኖ ይወጣ እንደነበር መገመት አያስቸግርም።

ጠበቆቹ ሲጽፉ ግን የዘር መድልዎ ሕግ ያልገጠመው ችግር ገጠማቸው። ጥቁር ተማሪን ለማስገባት በሩን መክፈት ይበቃል፤ ደረጃ ያለበት በር ግን ለሁሉም እኩል ቢከፈት ዊልቸር ላይ ያለውን ሰው አያስገባም፣ ለሁሉም እኩል የሚሰጥ ንግግርም መስማት ለተሳነው ተማሪ ያለ ምልክት ቋንቋ አስተርጓሚ ትምህርት አይሆንም። ስለዚህ ሁሉንም አንድ ዓይነት ማስተናገድ ራሱ መድልዎ የሚሆንበት ጊዜ መኖሩን ረቂቁ ተቀብሎ፣ ተቋማት ተመጣጣኝ ማመቻቸት እንዲያደርጉ፣ ማለትም ከአቅም በላይ ሸክም እስካልሆነባቸው ድረስ ሕንፃውን፣ የሥራውን አካሄድ ወይም መሣሪያውን ለሰውየው እንዲያስተካክሉ ግዴታ ጣለ። ግዴታው ደግሞ ገንዘብ ይጠይቃል፤ ሆስፒታሎች፣ ዩኒቨርሲቲዎችና የከተማ አስተዳደሮች ይህን ሲረዱ ተቃውሟቸውን ማሰማት ጀመሩ፣ ባለሥልጣናቱም ብዕራቸውን አዘገዩ። የመሥሪያ ቤቱ ኃላፊ የነበሩት ካስፓር ዋይንበርገር ሳይፈርሙ ሄዱ፤ በምትካቸው የተሾሙት ዴቪድ ማቲውስ፣ ጄምስ ቼሪ የተባለ አካል ጉዳተኛ ክስ መሥርቶ በ1976 ፍርድ ቤት ደንቡ እንዲወጣ ካዘዘ በኋላም ቢሆን ሳይፈርሙ ሥልጣናቸውን ለቀቁ። ጂሚ ካርተር በምርጫ ዘመቻቸው ተስፋ ሰጥተው ስለነበር ብዙዎች የጠበቁት አዲሱ ኃላፊ ጆሴፍ ካሊፋኖ በ1977 መጀመሪያ ወዲያውኑ ይፈርማሉ ብለው ነበር፤ እርሳቸው ግን ረቂቁን እንደገና ላጥናው አሉ።

የአሜሪካ አካል ጉዳተኞች ማኅበራት ጥምረትና መሪው ፍራንክ ቦው፣ ደንቡ እስከ ኤፕሪል 4 ሳይለወጥ ካልተፈረመ የመሥሪያ ቤቱን ቅርንጫፎች እንይዛለን ብለው አስጠነቀቁ፤ ቀነ ገደቡ ሲያልፍም በማግስቱ በዋሽንግተንና በየክልሉ ቅርንጫፎች የመቀመጥ አድማ ተጀመረ። በአብዛኞቹ ከተሞች አድማው በአንድ ሁለት ቀን ውስጥ ተበተነ፤ በዋሽንግተን ምግብ እንዳይገባ ስለተከለከለ አድመኞቹ የቆዩት ከአንድ ቀን ጥቂት ለሚበልጥ ጊዜ ብቻ ነበር። በሳን ፍራንሲስኮ የዩናይትድ ኔሽንስ ፕላዛ ቁጥር 50 ሕንፃ ላይ የሆነው ግን ከዚህ የተለየ ነው። ከሕንፃው ውጭ የተደረገው ሰልፍ ሲያበቃ ሂውማንና ጓዶቿ ወደ አራተኛው ፎቅ ወጥተው የቅርንጫፉን ኃላፊ ስለ ደንቡ ሲጠይቋቸው፣ ኃላፊው አንቀጽ 504 ምን እንደሆነ እንደማያውቁ በመልሳቸው ታወቀ። ወደ 150 የሚጠጉ ሰዎችም ያን ሌሊት እዚያው አደሩ፤ አብዛኞቹ ለብዙ ቀን አስበው ስላልመጡ ልብስም ሆነ መድኃኒት አልያዙም ነበር።

አድማው በቀላሉ ያልተበተነበት ምክንያት አንደኛው ድርጅታዊ ነው። የጡንቻ መዛል በሽታ የነበረባትና በግራ ዘመም ፓርቲ ውስጥ የቅስቀሳ ልምድ ያካበተችው ኪቲ ኮን፣ ሰልፉ ከመደረጉ በፊት የምግብ፣ የሕክምና፣ የጥበቃና የመገናኛ ብዙኃን ኮሚቴዎችን አዋቅራ፣ ከተማው ውስጥ ካሉ አብያተ ክርስቲያናት፣ የሠራተኛ ማኅበራትና የመብት ድርጅቶች ጋር አስቀድማ ተነጋግራ ነበር። ባለሥልጣናቱ የስልክ መስመሮቹን ሲዘጉ መስማት የተሳናቸው አድመኞች መስኮት ላይ ቆመው በምልክት ቋንቋ ከውጭ ካሉት ጋር መነጋገር ቀጠሉ፤ ቅዝቃዜ የሚፈልጉ መድኃኒቶችም በአየር ማቀዝቀዣው ላይ ሣጥን በፕላስተር ተለጥፎ እንደ ማቀዝቀዣ ቁም ሣጥን ባገለገለ ነገር ውስጥ ተቀመጡ። በየሰዓቱ ጎናቸው መገልበጥ ያለበት፣ የሽንት ቱቦ የሚቀየርላቸው፣ ካላጎረሷቸው የማይበሉ ሰዎች በጽሕፈት ቤት ወለል ላይ ሲያድሩ አንዱ የሌላው ረዳት ይሆን ነበር፤ ማየት የተሳነው ዊልቸር ይገፋል፣ ዊልቸር ላይ ያለው መንገድ ይመራል። በመንግሥት በኩል የታሰበው እነዚህ ሰዎች ያለ እንክብካቤ ሁለት ቀን አይቆዩም የሚል ይመስላል፤ ዘመናቸውን ሁሉ ያለ ምቾት መኖር ለለመዱ ሰዎች ግን ሃያ አምስት ቀን ያን ያህል ከባድ አልሆነባቸውም።

ሁለተኛው ምክንያት የውጭው ድጋፍ ነው። ከአድመኞቹ አንዱ የሆነው ብራድ ሎማክስ የጥቁሮች ድርጅት የሆነው የብላክ ፓንተር ፓርቲ አባል ሲሆን፣ መልቲፕል ስክሌሮሲስ የተባለ የነርቭ በሽታ ይዞት በዊልቸር ይሄድ ነበር፤ በእርሱ አማካይነት ፓርቲው ከኦክላንድ ትኩስ ምግብ እያበሰለ በየቀኑ ለሕንፃው ሙሉ ሰው ያመጣ ጀመር፤ ጠባቂዎች ሲከለክሉም የፓርቲው ሰዎች ምግቡ ሳይገባ እንደማይሄዱ አስታወቁ። ከንቲባው ጆርጅ ሞስኮኒ ፍራሽና የመታጠቢያ ቱቦ አስላኩ፤ የግላይድ ቤተ ክርስቲያንም ከሕንፃው ውጭ የሚደረገውን የድጋፍ ሰልፍ አገዘ። የአካል ጉዳተኞች ጥያቄ ከጥቁሮች፣ ከሠራተኞችና ከሃይማኖት ሰዎች ጥያቄ ጋር በአንድ ጣሪያ ሥር የተገናኘው በዚህ መልክ ነው፤ ይህ ግንኙነት ባይኖር አድማው ከሌሎቹ ከተሞች የተሻለ ዕጣ ይገጥመው እንደነበር ያጠራጥራል።

ኤፕሪል 15 ቀን የኮንግረሱ አባላት ፊሊፕ በርተንና ጆርጅ ሚለር እዚያው ሕንፃ ውስጥ የምስክር መስሚያ ችሎት አካሄዱ። ከዋሽንግተን የተላኩት የመሥሪያ ቤቱ ተወካይ ጂን አይደንበርግ፣ በደንቡ ላይ 22 ማሻሻያዎች እየተጠኑ መሆኑን ሲናገሩ አዳራሹ ተቆጣ፤ ከሚጠኑት ሐሳቦች ውስጥ አካል ጉዳተኛ ልጆችን ለብቻ በተለየ ትምህርት ቤት ማስተማርን የሚፈቅድ ስለነበር፣ ተለያይቶ እኩል መሆን የሚለውን የዘር መለያየት ዘመን ሰበብ ሁሉም አስታወሰ። ሂውማን ስትናገር ድምፅዋ እየተቆራረጠ፣ ተወካዩ የምትለውን ሳይረዱ የተስማሙ መስለው ራሳቸውን መነቅነቃቸውን እንዲተዉ ጠየቀቻቸው። አይደንበርግ ተነሥተው አንድ ቢሮ ገብተው በር ሲዘጉ በርተን ተከትለው በሩን እየደበደቡ እንዲመለሱ አደረጉ። ንግግሩን የዘገበው የአካባቢው ቴሌቪዥን ጣቢያ በመላ አገሪቱ የሚታይበት ዕድል ያገኘው በዚያው ሰሞን የብሔራዊው ጣቢያ ሠራተኞች አድማ መተው ስለነበር ነው፤ አልፎ አልፎ ለታሪክ እንዲህ ያለ አጋጣሚም ይረዳዋል።

ከጥቂት ቀናት በኋላ ከአድመኞቹ የተውጣጣ ልዑክ ወደ ዋሽንግተን በረረ። ዊልቸር የሚያስገባ አውቶቡስ ስላልነበረ የማሽኒስቶች ሠራተኛ ማኅበር የዕቃ መጫኛ የጭነት መኪና አቀረበላቸው፤ ልዑካኑ መስኮት በሌለው ጨለማ ሣጥን ውስጥ ዊልቸራቸው እየተንሸራተተ በከተማዋ ተጓዙ፣ በካሊፋኖ ቤት ደጃፍ ሻማ አብርተው አደሩ፣ ፕሬዚዳንት ካርተር በሚሳለሙበት ቤተ ክርስቲያን በርም ቆሙ፤ ካሊፋኖም ካርተርም ፊት ለፊት ላለመገናኘት በሌላ በር መውጣት መረጡ። ኤፕሪል 28 ቀን 1977 ካሊፋኖ ደንቡን የጥምረቱ ሰዎች በጠየቁት መሠረት መሠረታዊ ለውጥ ሳያደርጉበት ፈረሙ። ሳን ፍራንሲስኮ ላይ የነበሩት አድመኞች ሕንፃውን አጽድተው ኤፕሪል 30 ቀን ወጡ።

ደንቡ በዝርዝሩ ምን እንደያዘ ማየት ትግሉ ስለ ምን እንደነበር ያስረዳል። የፌዴራል ገንዘብ የሚያገኝ ተቋም ከዚያ በኋላ የሚሠራው አዲስ ሕንፃ ከመነሻው ለዊልቸር ተስማሚ መሆን አለበት፤ የነበሩት ሕንፃዎች ሁሉ ባይፈርሱም ፕሮግራሙ በጥቅሉ ለአካል ጉዳተኛ ተደራሽ እንዲሆን፣ የግንባታ ለውጥ የሚያስፈልግ ከሆነም በሦስት ዓመት ውስጥ እንዲጠናቀቅ ታዘዘ። ቀጣሪ አመልካቹን ገና ሥራ ሳይሰጠው ስለ ጉዳቱ እንዳይጠይቀው፣ ኮሌጅም ለሚያስፈልገው ተማሪ አስተርጓሚ ወይም የተቀዳ መጽሐፍ እንዲያቀርብ፣ የመንግሥት ትምህርት ቤትም ለእያንዳንዱ አካል ጉዳተኛ ልጅ ተስማሚ የሆነ ነጻ ትምህርት እንዲሰጥ ግዴታ ተጣለ። ቁጥርና ቀነ ገደብ ያላቸው እነዚህ ግዴታዎች ተበዳዩ ሰው ፍርድ ቤት ሄዶ የሚጠቅሳቸው ነጥቦች ሆኑ።

ከዚያ በኋላ የመጡት ዓመታት ሁለት ወደፊት አንድ ወደኋላ የሚሄዱ ነበሩ። በ1979 ጠቅላይ ፍርድ ቤት፣ የመስማት ችግር ያለባትን አመልካች የሰሜን ካሮላይና ኮሌጅ የነርስነት ትምህርት እንዲያስተምራት አልተገደደም ብሎ በአንድ ድምፅ ወሰነ። የፕሬዚዳንት ሬገን አስተዳደር ለንግድ ሸክም የሆኑ ደንቦችን ለመቀነስ ምክትል ፕሬዚዳንት ጆርጅ ቡሽ የሚመሩት ግብረ ኃይል ሲያቋቁም የ504 ደንብም ከሚከለሱት ተርታ ገባ፤ በአሥር ሺዎች የሚቆጠሩ ደብዳቤዎች ከጎረፉ በኋላ ግን በ1983 ሳይነካ ቀረ፤ ቡሽም በዚያ ክርክር የተዋወቋቸውን የአካል ጉዳተኞች መሪዎች አልረሱም። አንቀጽ 504 የሚያስገድደው የመንግሥት ገንዘብ የሚደርሰውን ብቻ ስለነበር ምግብ ቤት፣ ሱቅ፣ ሲኒማ ቤትና የግል ቀጣሪ ከሕጉ ውጭ ነበሩ፤ ይህን ክፍተት የሚሞላው የአሜሪካ አካል ጉዳተኞች ሕግ በምክር ቤት ሲንከባለል ማርች 12 ቀን 1990 በርካታ ሰልፈኞች ክራንቻቸውንና ዊልቸራቸውን ጥለው የኮንግረሱን ሕንፃ ደረጃ በእጃቸውና በጉልበታቸው እየዳሁ ወጡ። ሕጉን ጁላይ 26 ቀን 1990 የፈረሙት፣ ያን ጊዜ ፕሬዚዳንት የሆኑት ጆርጅ ቡሽ ናቸው። ፍርድ ቤቶች በ1999ና በ2002 በሰጧቸው ውሳኔዎች የአካል ጉዳተኛን ትርጉም ሲያጠብቡ ኮንግረሱ በ2008 ሕጉን አሻሽሎ ትርጉሙን መልሶ አሰፋ፤ የፈረሙት ደግሞ ልጃቸው ነበሩ።

በአሜሪካ የሚኖሩ አማርኛ ተናጋሪ ወላጆች ይህን ታሪክ ሳያውቁ ቁጥሩን ያውቁታል። የስኳር በሽታ፣ አስም፣ የሚጥል በሽታ ወይም ትኩረት የመሰብሰብ ችግር ያለበት ልጅ ትምህርት ቤት ሲገባ የሚዘጋጅለት 504 ፕላን የተባለው ሰነድ ስሙን ያገኘው ከዚሁ አንቀጽ ነው፤ በሰነዱም ልጁ ለፈተና ተጨማሪ ሰዓት፣ መድኃኒቱን የሚወስድበት ጊዜ ወይም ተስማሚ መቀመጫ እንዲያገኝ ይወሰናል። አንቀጽ 504 ከተቀዳበት ከ1964ቱ ድንጋጌ የሚመነጭ ሌላ ግዴታም ስላለ ትምህርት ቤቱ እንግሊዝኛ ለማይችል ወላጅ በሚገባው ቋንቋ ማስረዳት ይጠበቅበታል፤ ወላጅ በስብሰባው ላይ አስተርጓሚ ቢጠይቅ ውለታ መለመኑ አይደለም።

ተመጣጣኝ ማመቻቸት የሚለው ሐሳብ ከአሜሪካ ሕግ ወጥቶ በ2006 በተባበሩት መንግሥታት የጸደቀውን የአካል ጉዳተኞች መብቶች ስምምነት መሠረት ከጣሉት አንዱ ሆነ፣ በኢትዮጵያም ሕግ ገባ። የኢትዮጵያ ሕገ መንግሥት በአንቀጽ 41 ስለ አካል ጉዳተኞች የሚናገረው መንግሥት አቅሙ በፈቀደ መጠን ተሃድሶና እርዳታ እንዲያደርግላቸው ነው፤ ይህም ከ1973 በፊት የነበረውን የአሜሪካ ሕግ ቋንቋ ያስታውሳል። በ1986 ዓ.ም. የወጣውን የአካል ጉዳተኞች የሥራ መብት አዋጅ የተካው የ2000 ዓ.ም. አዋጅ ቁጥር 568 ግን በቅጥር ላይ የሚፈጸም መድልዎን ከልክሎ ቀጣሪ ተመጣጣኝ ማመቻቸት እንዲያደርግ ያዝዛል፤ በ2001 ዓ.ም. የወጣው የሕንፃ አዋጅም የሕዝብ መገልገያ ሕንፃዎች ለአካል ጉዳተኞች ተስማሚ ሆነው እንዲሠሩ ደንግጓል። ኢትዮጵያ ስምምነቱን በ2002 ዓ.ም. በአዋጅ ቁጥር 676 አጸደቀች።

የሐሳቡ መነሻ የሆነችው አሜሪካ ስምምነቱን በ2009 ብትፈርምም ሰነዱ ዲሴምበር 4 ቀን 2012 ለሴኔት ሲቀርብ 61 ለ38 በሆነ ድምፅ፣ ማለትም ለማጽደቅ ከሚያስፈልገው በአምስት ድምፅ ጎድሎ ወደቀ፤ በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ቆስለው ክንዳቸው የተጎዳው የቀድሞው ሴናተር ቦብ ዶል በዊልቸር አዳራሹ ውስጥ ተገኝተው ባልደረቦቻቸውን ቢማጸኑም አልሆነም። የኢትዮጵያ ሕገ መንግሥት በአንቀጽ 9 የጸደቁ ስምምነቶችን የአገሪቱ ሕግ አካል ስለሚያደርግ፣ የአዲስ አበባ ነዋሪ በስምምነቱ ላይ መብቱን ሊያንጠለጥል ሲችል የሳን ፍራንሲስኮ ነዋሪ አይችልም። የሳን ፍራንሲስኮው ነዋሪ የሚጠቅሰው በ1977 የተፈረመውን ደንብና የ1990ውን ሕግ ነው፤ ማን፣ ምን፣ እስከ መቼ የሚሉት በእነዚያ ውስጥ ተጽፈው ስለሚገኙ እስካሁን በተግባር የበለጠ የጠቀመው የእርሱ ነው።